የመጠን ሐኪም፤ የዊሊያም ዊዘሪንግ ሕይወትና ሥራ

በመድኃኒትና በመርዝ መካከል ያለው ልዩነት ብዙውን ጊዜ የዓይነት ሳይሆን የመጠን ነው። ይህ እውነት ከጥንት ጀምሮ ሲነገር የኖረ ቢሆንም፣ አንድን መድኃኒት ለዓመታት እየመጠኑ፣ ውጤቱን በሽተኛ በበሽተኛ እየመዘገቡ፣ የዳነውንም ያልዳነውንም ሳይሸሽጉ ለሙያ ጓደኞቻቸው ያቀረቡ የቀድሞ ዘመን ሐኪሞች ጥቂቶች ነበሩ። ከነዚህ ጥቂቶች መካከል በመጀመሪያው ረድፍ የሚጠቀሰው እንግሊዛዊው ዊሊያም ዊዘሪንግ ነው። ዛሬ ለደም ግፊት፣ በተለምዶ የደም ብዛት ለሚባለው ሕመም፣ በየማለዳው አንድ የሚያሸና ኪኒን የሚውጥ ሰው የዊዘሪንግን ስም ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። ይሁንና ያ ኪኒን በደኅና እንዲወሰድ የሚያስችለው ሥርዓት፣ ይኸውም በትንሹ መጀመር፣ ምልክትን መከታተልና በጊዜው መግታት፣ ዊዘሪንግ ከሁለት መቶ ዓመታት በፊት ስለ አንድ የዱር ተክል ከጻፈው ሥርዓት ጋር አንድ ነው።

ልደትና ትምህርት

ዊዘሪንግ በ1741 ሽሮፕሺር በሚባለው የእንግሊዝ አገር ክፍል፣ ዌሊንግተን በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አባቱ በዚያችው ከተማ መድኃኒት ቀማሚ ስለነበር ልጁ ሙቀጫና ሚዛን የዘወትር ዕቃ በሆኑበት ቤት አደገ። አጎቱም ሐኪም ነበር። በዚህ ዓይነት የሕክምና ሙያ ለዊዘሪንግ ከቤተሰብ የተወረሰ ያህል ነበር ማለት ይቻላል።

በ1762 በዘመኑ በአውሮፓ ከታወቁት የሕክምና ትምህርት ቤቶች አንዱ ወደነበረው ወደ ኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በ1766ም በጉሮሮ ሕመም ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ አቅርቦ የዶክተርነት ማዕረግ አገኘ። የሚገርመው ነገር፣ በኋላ በዕፀዋት ጥናት ስሙ የገነነው ይህ ሰው በተማሪነቱ ዘመን ለዕፀዋት ትምህርት ፍቅር ያልነበረው መሆኑ ነው።

ከተመረቀ በኋላ በስታፎርድ ከተማ ሥራ ጀመረ። እዚያም ሄለና ኩክስ የምትባል፣ አበቦችን በቀለም የመሳል ተሰጥዎ ያላት ወጣት ታማሚው ሆነች። ዊዘሪንግ ለሥዕሏ የሚሆኑ አበቦችን ከየመስኩ እየለቀመ ያመጣላት ጀመር። ቀድሞ የማይወደው ጥናት በዚህ መንገድ ልቡን ማረከው። በ1772 ሁለቱ ተጋቡ፤ በ1776 ደግሞ የብሪታንያን ዕፀዋት በሊኒየስ የአመዳደብ ሥርዓት በእንግሊዝኛ የሚዘረዝር ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ከሱ ሞት በኋላም ብዙ ጊዜ ታትሟል።

በመሐንዲሶች መካከል

በ1775 በበርሚንግሃም ከተማ ይሠራ የነበረው ዶክተር ዊሊያም ስሞል አረፈ። ሐኪምና ገጣሚ የነበረው ኢራስመስ ዳርዊን፣ ይኸውም ስለ ሕይወታውያን አዝጋሚ ለውጥ የጻፈው የቻርልስ ዳርዊን አያት፣ ዊዘሪንግ የሟቹን ቦታ እንዲይዝ መከረው። ዊዘሪንግም ምክሩን ተቀብሎ በዚያው ዓመት ወደ በርሚንግሃም ተዛወረ።

በርሚንግሃም በዚያን ጊዜ የኢንዱስትሪ አብዮት እምብርት ከነበሩት ከተሞች አንዷ ነበረች። ማቲው ቦልተንና ጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር ለመሥራት የተሻረኩት በዚሁ በ1775 ነበር። ዊዘሪንግ ቦልተን፣ ዋት፣ ሸክላ ሠሪው ጆሳያ ዌጅውድ፣ የኬሚስትሪ ሊቁ ጆሴፍ ፕሪስትሊና ዳርዊን በሚገኙበት የጨረቃ ማኅበር ውስጥ አባል ሆነ። ማኅበሩ ይህን ስም ያገኘው አባላቱ ሙሉ ጨረቃ በምትወጣበት ሰሞን ስለሚሰበሰቡና በብርሃኗ ወደየቤታቸው ስለሚመለሱ ነው። በስብሰባው ላይ የሚነሣው ጉዳይ ስለ እንፋሎት፣ ስለ ማዕድን፣ ስለ አየር ዓይነቶች፣ ስለ ማሽን ነበር። ነገሩ ሁሉ በመለካት የሚዳኝበት ጉባኤ በመሆኑ ለዊዘሪንግ ጠባይ ተስማሚ ነበር። እሱ ራሱ የማዕድን ተመራማሪ ስለነበር ባሪየም ያለበትን አንድ ከባድ ድንጋይ መርምሮ በ1784 ጽሑፍ አቅርቧል። ጀርመናዊው የማዕድን ሊቅ ቬርነር በኋላ ይህንኑ ማዕድን በስሙ ዊዘራይት ብሎ ሰይሞለታል።

የባልቴቷ ምስጢር

በዚያን ዘመን ሐኪሞችን ከሚያስጨንቋቸው ሕመሞች አንዱ ሰውነት ውሃ የሚቋጥርበት ሕመም ነበር። እግር ያብጣል፤ ሆድ ይነፋል፤ ትንፋሽ ያጥራል፤ በሽተኛው ተጋድሞ መተኛት አቅቶት ሌሊቱን ተቀምጦ ያነጋል። ሐኪሞቹ ይህን ራሱን የቻለ በሽታ አድርገው ይቆጥሩት ነበር። ዛሬ ግን የልብ፣ የኩላሊት ወይም የጉበት መድከም ምልክት መሆኑ ታውቋል። ልብን ከሚያደክሙት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ደግሞ ለብዙ ዓመታት ሳይታወቅና ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት ነው። የዊዘሪንግ ዘመን ሐኪም ግን ይህን ሊያውቅ አይችልም ነበር። እንግሊዛዊው ቄስ ስቲቨን ሄልስ የፈረስን የደም ግፊት በረጅም ቀጭን ቱቦ መለካቱን በ1733 ቢያሳትምም፣ በክንድ ላይ ተጠምጥሞ ግፊትን በሜርኩሪ የሚለካው መሣሪያ ጣሊያናዊው ሪቫ ሮቺ እስከሠራበት እስከ 1896 ድረስ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ በቀላሉ የሚያገለግል መለኪያ አልነበረም።

በ1775 ዊዘሪንግ ስለ አንድ የቤተሰብ መድኃኒት አስተያየቱን እንዲሰጥ ተጠየቀ። መድኃኒቱ በሽሮፕሺር የምትኖር አንዲት ባልቴት ለረጅም ጊዜ በምስጢር ይዛው የቆየችው ነበር። ባልቴቷ የተማሩ ሐኪሞች ያልቻሏቸውን ውሃ የቋጠሩ ሕሙማን አንዳንድ ጊዜ ታድን እንደነበር ይነገር ነበር። መድኃኒቱን የጠጣ ሰው ክፉኛ ያስታውከዋል፣ ያስቀምጠዋል። ሰዎች ያስተዋሉት ይህን ብቻ ነበር፤ ሽንትን ማብዛቱን ልብ ያለው አልነበረም። ቅመሙ ሃያና ከዚያም በላይ ዓይነት ቅጠላ ቅጠል የተደባለቀበት ቢሆንም፣ ዕፀዋትን ጠንቅቆ ያውቅ ለነበረው ለዊዘሪንግ ከነዚያ ሁሉ ውስጥ ኃይል ያለው አንዱ ብቻ መሆኑን ለመለየት አዳጋች አልሆነበትም። እሱም በእንግሊዝ ገጠር የሚበቅለው፣ በረጅም አገዳው ላይ እንደ ጣት ሽፋን ያሉ ሐምራዊ አበቦች የሚያንጠለጥለው ፎክስግላቭ ወይም በላቲን ስሙ ዲጂታሊስ ነበር።

የባልቴቷ ስም በዊዘሪንግ መጽሐፍ ውስጥ አልተጻፈም። ዛሬ በየቦታው የሚነገረው ማዘር ሀተን የሚለው ስም በ20ኛው መቶ ዓመት ለመድኃኒት ማስታወቂያ ከተሣለ ሥዕል ጋር የተዛመተ እንጂ ከታሪኩ የተገኘ አይደለም።

ከዚህ በኋላ ዶክተር ጆን አሽ የተባለ የሥራ ባልደረባው፣ በኦክስፎርድ የአንድ ኮሌጅ ኃላፊ የነበሩ ሰው ሐኪሞች ካቃታቸው የደረት ውሃ በፎክስግላቭ ሥር መዳናቸውን ነገረው። ይህም ዊዘሪንግን ይበልጥ አበረታታው።

መጠንን ፍለጋ

የመዘገበው የመጀመሪያው በሽተኛ በታኅሣሥ 1775 ያከመው አንድ የሃምሳ ዓመት ገደማ ሰው ነው። ይህ ሰው ቀድሞ ግንበኛ የነበረና በኋላ ኑሮው የተጎሳቆለ ነበር። ትንፋሹ አጥሯል፤ ፊቱ ጎድጉዷል፤ ሆዱ ውሃ ቋጥሯል፤ ሽንቱም አንሷል። ዊዘሪንግ የፎክስግላቭ እርጥብ ቅጠል አፍልቶ ሰጠው። መድኃኒቱ ሰውየውን ለብዙ ቀናት በየጊዜው አቅለሸለሸው፤ ነገር ግን በነዚያው ቀናት ብዙ ሽንት ሸና። ትንፋሹ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ የሆዱም እብጠት ጎደለ። አሥር ቀን ያህል ሲሆነው የምግብ ፍላጎቱ ተከፈተ።

ውጤቱ ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ለዊዘሪንግ ጥያቄ እንጂ መልስ አልሆነለትም። ሰውየው የዳነው በማቅለሽለሹ ምክንያት ነው ወይስ ማቅለሽለሹ ባይኖርም ይድን ነበር? ቅጠሉ ስንት ቢሆን ይበቃው ነበር? ዊዘሪንግ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያገኘው በድሆች ሕሙማን መካከል ሲሠራ ነው። በየቀኑ አንድ ሰዓት ያህል ለድሆች ያለ ክፍያ ምክር ይሰጥ ስለነበር በዓመት ከሁለት ሺህ እስከ ሦስት ሺህ የሚደርሱ ሕሙማን ያዩት ነበር። መድኃኒቱን ለብዙዎች መስጠት የቻለው በዚህ ምክንያት ነው። በመጀመሪያ የሰጠው መጠን ከሚገባው በላይ የበዛና እጅግ ተደጋግሞ የተሰጠ እንደነበር በኋላ በመጽሐፉ ሳይደብቅ ገልጿል። ስለዚህ የመጠኑ እውቀት የተገኘው በነፃ አልነበረም፤ ዋጋውን በማስታወክና በመድከም የከፈሉት እነዚያ ስማቸው ያልተጻፈ ድሆች ናቸው።

ዊዘሪንግ ችግሩን የፈታው አንድ መሐንዲስ የአንድን ግንባታ ጥሬ ዕቃ በሚመረምርበት ስልት ነው። አስቀድሞ ጥሬ ዕቃውን አንድ ወጥ ማድረግ ነበረበት። የተክሉ ሥር ኃይል ከወቅት ወደ ወቅት ስለሚለዋወጥ ተወው። ቅጠሉም ተክሉ አበባውን ሊያወጣ ሲል ብቻ እንዲለቀም ወሰነ። አገዳውና የቅጠሉ መካከለኛ ጅማት ተወግዶ የቀረው በፀሐይ ወይም በእሳት ፊት እንዲደርቅ፣ ከዚያም እንዲፈጭ አደረገ። ቅጠሉን ማፍላት ኃይሉን እንደሚቀንሰው ስለተረዳ በፈላ ውሃ መዘፍዘፍን ወይም ዱቄቱን መስጠትን መረጠ። የዱቄቱንም መጠን ለአዋቂ ሰው በቀን ሁለት ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ግሬን፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ከ65 እስከ 200 ሚሊግራም ገደማ ብቻ አደረገው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን መድኃኒቱ የሚቆምበትን ጊዜ መወሰኑ ነው። ዊዘሪንግ እንደደነገገው፣ መድኃኒቱ ከኩላሊት፣ ከጨጓራ፣ ከልብ ትርታ ወይም ከአንጀት በአንዱ ላይ ሥራውን እስኪያሳይ ድረስ ይሰጣል፤ ከአራቱ አንዱ እንደታየ ወዲያውኑ ይቆማል። ማቅለሽለሽ የመዳን መንገድ ሳይሆን የመጠን መብዛት ምልክት መሆኑን፣ ተቅማጥም ሲመጣ ሽንቱ እንደሚቀንስና መድኃኒቱ እንደሚከሽፍ አስተዋለ። መድኃኒቱ በሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀምና ሥራው ዘግይቶ ስለሚታይ፣ የመጀመሪያው መጠን ምን እንዳደረገ ሳይታወቅ ሌላ መጨመር አደገኛ መሆኑን አስጠነቀቀ።

ይህ ድንጋጌ ለመሐንዲስ የተለመደ ነገር ነው። የሚገባው መጠን የሚወሰነው በሚወጣው ውጤት ነውና። በ1788 ጄምስ ዋት የሞተሩን ፍጥነት በሞተሩ በራሱ ፍጥነት እንዲገታ ያደረገውን ተሽከርካሪ መቆጣጠሪያ በሥራ ላይ አዋለ። የጨረቃ ማኅበር ጓደኛው ዊዘሪንግ ግን ከሦስት ዓመት በፊት የዚህኑ ዓይነት አስተሳሰብ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ አውጥቶት ነበር።

መጽሐፉ

በኤዲንብራና በሌሎችም ቦታዎች የነበሩ ሐኪሞች ስለ ፎክስግላቭ ሰምተው መስጠት ጀምረው ነበር፤ በ1783ም በኤዲንብራ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ገባ። ዊዘሪንግ የሚሰጠው መጠን ከልክ ያለፈ መሆኑን ባወቀ ጊዜ፣ ሰዎች እንደሚጎዱና ጠቃሚው መድኃኒትም በዚሁ ሰበብ ተጠልቶ እንደሚጣል ፈራ። በሌላ በኩል ኢራስመስ ዳርዊን በ1780 የሟች ልጁን ጽሑፍ ሲያሳትም ስለ ፎክስግላቭ የሚናገር ክፍል ጨምሮበት ነበር። በዚያም ክፍል፣ በ1776 ከዊዘሪንግ ጋር ሆኖ ያያትን በሽተኛ ታሪክ ሲያወሳ የዊዘሪንግን ስም አልጠራም። የሁለቱም ወዳጅነት ከዚህ በኋላ ሻከረ።

በመሆኑም ዊዘሪንግ የአሥር ዓመት መዝገቡን አሰናድቶ በ1785 በበርሚንግሃም ስለ ፎክስግላቭ የጻፈውን መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ ራሱ ያከማቸውን ከአንድ መቶ ሃምሳ የሚበልጡ ሕሙማን በተራ ይዘረዝራል። የተሳካላቸውን ብቻ መርጦ ቢያቀርብ ለመድኃኒቱም ለራሱም የበለጠ ሞገስ ይሆን እንደነበር ያውቅ ነበር፤ ነገር ግን እውነትን መበደል ነው ብሎ ያልዳኑትንም የተጎዱትንም አንድ ላይ ጻፈ። የመመረዙን ምልክቶችም በዝርዝር አስቀመጠ። እነሱም ማስታወክ፣ ማዞር፣ የዓይን መደብዘዝ፣ ነገር ሁሉ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መስሎ መታየት፣ የልብ ትርታ በደቂቃ እስከ 35 መውረድ፣ ቀዝቃዛ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ በመጨረሻም ሞት ናቸው። ይህ ዝርዝር ዛሬም በሕክምና ትምህርት ቤት የሚሰጠው ነው።

መድኃኒቱ የሚበጀው ለየትኛው በሽተኛ እንደሆነም ለይቷል። ፊቱ ለገረጣ፣ ትርታው ደካማና የሚቆራረጥ ለሆነ ሰው ብዙ ጊዜ ይሠራል። ሰውነቱ ጠንካራ፣ ፊቱ የቀላ፣ የደም ሥሩም እንደ ገመድ የተወጠረ ሰው ግን እምብዛም አይጠቀምበትም። ይህ አስተያየት ዛሬ ሲነበብ፣ ያ የተወጠረ የደም ሥር የደም ግፊት ምልክት ሊሆን እንደሚችል ያሳስባል። እንዲህ ላለው ሰው የሚሆን መድኃኒት ዊዘሪንግ አልነበረውም፤ አለመኖሩን ግን በሐቅ መዘገበ።

የመጨረሻ ዓመታት

መጽሐፉ በታተመበት በ1785 ዊዘሪንግ የብሪታንያ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆነ። በማግሥቱ ዓመት ኤጅባስተን ሆል በሚባለው ትልቅ ቤት መኖር ጀመረ። በሐምሌ 1791 የፈረንሳይን አብዮት በሚደግፉት ላይ በበርሚንግሃም ሁከት በተነሣ ጊዜ የጆሴፍ ፕሪስትሊ ቤትና ቤተ ሙከራ ተቃጠለ። ሁከተኞቹ ወደ ዊዘሪንግም ቤት መጡ፤ ሆኖም ወታደሮች በመድረሳቸው ከጥፋት ተረፈ።

ዊዘሪንግ ለብዙ ዓመታት ሳንባውን ይታመም ነበር። የእንግሊዝን ክረምት ለመሸሽ ከ1792 ጀምሮ ሁለት ክረምት በፖርቱጋል አሳለፈ። እዚያም ዕረፍት አላደረገም፤ ካልዳስ በተባለው ቦታ የሚገኘውን የፍል ውሃ ንጥረ ነገር መርምሮ ውጤቱን ለፖርቱጋል የሳይንስ አካዳሚ አቀረበ። በጥቅምት 1799 በ58 ዓመቱ አረፈ። በኤጅባስተን ቤተ ክርስቲያን በሚገኘው መታሰቢያው ላይ የፎክስግላቭ ተክል ተቀርጿል።

ከዊዘሪንግ በኋላ

ከሞቱ በኋላ የፈራው ነገር ደረሰ። ብዙ ሐኪሞች ዲጂታሊስን ለማይመለከተው ሕመም ሁሉ፣ ያለ ልክ ይሰጡት ጀመር። ወደ ትክክለኛው ቦታው የተመለሰው ቀስ በቀስ ነው። ከጊዜ ብዛትም የመድኃኒቱ እውነተኛ ሥራ ታወቀ። ዊዘሪንግ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ብሎ ጻፈው እንጂ፣ ዲጂታሊስ በተለይ የሚሠራው በልብ ላይ ነው። የደከመ ልብ ሲበረታ ኩላሊት በቂ ደም ያገኛል፤ ውሃውም በሽንት ይወጣል። መድኃኒቱ በልብ እንቅስቃሴ ላይ ልዩ ኃይል እንዳለው ግን ዊዘሪንግ ራሱ አስተውሎ ጽፏል። በ1930 ከሌላ የፎክስግላቭ ዝርያ ተነጥሎ የወጣው ዲጎክሲን እስከ ዛሬ ድረስ ያገለግላል።

በቀጥታ በኩላሊት ላይ የሚሠራና በአፍ የሚወሰድ አስተማማኝ የደም ግፊት መድኃኒት የተገኘው ዊዘሪንግ ከሞተ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ ነው። በአሜሪካ በካርል ባየርና በባልደረቦቹ የተሠራው ክሎሮታያዛይድ በ1958 ለገበያ ቀረበ፤ በዓመቱም ሀይድሮክሎሮታያዛይድ ተከተለው። እነዚህ መድኃኒቶች ኩላሊት ጨውን መልሶ እንዳይመጥ ይከለክላሉ፤ ጨውም ውሃን ይዞ ይወጣል። ከጊዜ በኋላም የደም ሥሮች ዘና ስለሚሉ ግፊቱ ይወርዳል።

የዊዘሪንግ ታሪክ በዚህም መድኃኒት ላይ ተደገመ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሀይድሮክሎሮታያዛይድ በቀን 100 ሚሊግራምና ከዚያም በላይ ይሰጥ ነበር። በኋላ ግን መጠኑ ሲጨምር የግፊቱ መውረድ ከአንድ ደረጃ በኋላ እምብዛም እንደማይጨምር፣ የፖታሲየም መጉደል ግን እየባሰ እንደሚሄድ ታወቀ። በመሆኑም የተለመደው መጠን ወደ 12.5 እና 25 ሚሊግራም ዝቅ አለ። ጥቅሙ ቀረ፤ ጉዳቱ ቀነሰ። በ2002 ውጤቱ የታወቀውና ከ33 ሺህ በላይ ሰዎች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት፣ የዚሁ ወገን የሆነው ርካሹ ክሎርታሊዶን ከአዳዲሶቹና ከውድ መድኃኒቶች ጋር ሲወዳደር ከልብ ድካም በሽታ በመከላከል እንደማያንስ አሳይቷል።

ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድ ሰው ላይ የሚገናኙበትም ጊዜ አለ። የሚያሸናው ኪኒን ፖታሲየምን ሲያጎድል፣ የፖታሲየም ማነስ ደግሞ የዲጎክሲንን መርዛማነት ያባብሰዋል። በዚህ ጊዜ ትናንት ልክ የነበረው መጠን፣ አንድ ሚሊግራም ሳይጨመርበት፣ ዛሬ ከልክ በላይ ይሆናል። መሐንዲሶች ሴፍቲ ፋክተር የሚሉት የደኅንነት ልክ እጅግ ጠባብ በሆነበት ሥራ፣ የመጠኑን ቁጥር ማወቅ ብቻውን አይበቃም፤ ሥራው የሚካሄድበትም ሁኔታ መለካት አለበት።

ለደም ግፊት የሚያሸና ኪኒን የሚወስድ ሰው ሊጠብቃቸው የሚገቡት ደንቦች ከዚህ የመነጩ ናቸው። ኪኒኑ ሌሊት እንቅልፍ እንዳይነሳ በጠዋት ይወሰዳል። ከመጀመሩ በፊትና ከተጀመረ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ ከዚያም በየጊዜው፣ የደም ፖታሲየም፣ ሶዲየምና የኩላሊት ሁኔታ ይመረመራል። የጡንቻ መዛልና መኮማተር፣ የልብ ምት መዛባት፣ ከተቀመጡበት ሲነሡ ማዞር፣ ግራ መጋባት የመሳሰሉት ሲታዩ ለሐኪም መንገር ያስፈልጋል። በተለይ ትውከት ወይም ተቅማጥ በያዘ ጊዜ ሰውነት አስቀድሞ ውሃና ጨው እያጣ ስለሆነ፣ ኪኒኑ ለጊዜው ይቋረጥ እንደሆነ ሳይዘገዩ ሐኪም መጠየቅ ይገባል። ለብዙ ሰዓት ያለ ውሃ የሚጾም ሰውም አስቀድሞ ቢመካከር ይበጀዋል። እንደ አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች የኪኒኑን ሥራ ይቀንሳሉ፤ ኩላሊትንም ሊጎዱ ይችላሉ። ሪህ፣ የስኳር ሕመም ወይም የኩላሊት ችግር ያለበት ሰው ይህንኑ አስቀድሞ መናገር አለበት። ዲጎክሲን ወይም ሊቲየም የሚወስድም እንዲሁ። ጎረቤት ከሚወስደው ተካፍሎ መዋጥ ወይም ግፊቱ ወረደ ብሎ በራስ ፈቃድ መተው ደግሞ ሁለቱም አደጋ ናቸው፤ ግፊቱ የወረደው መድኃኒቱ በመወሰዱ ነውና።

ባልቴቷ መድኃኒቱን ታውቅ ነበር። ሃያ ዓይነት ቅጠል ደባልቃ የምትሰጠው መድኃኒት አንዳንዱን አድኗል። ዊዘሪንግ የጨመረው ተክሉን ሳይሆን መለኪያውን ነው። ከመጽሐፉ ውስጥ ያልዳኑትንና የተጎዱትን ሰዎች ታሪክ አስቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ከሱ በኋላ የመጣው ሐኪም የመጠኑን ወሰን ሊያውቅ የሚችለው ሌላ በሽተኛ በመጉዳት ብቻ በሆነ ነበር።